የመራራቁ አዋጅ አልፏል፤ መቀራረቡንስ ማን ያውጅ?

በዚህ ግቢ ውስጥ ስሙ የማይጠራ አንድ ፍርሃት አለ። ፈተና የመውደቅ ፍርሃት አይደለም፤ የገንዘብ ማጣትም አይደለም። ሰው ፊት መቆምን፣ ከማያውቁት ተማሪ ጋር አንድ ገበታ መቅረብን፣ በክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ መናገርን መፍራት ነው። ብዙዎቻችን ይህን የግል ጉድለት አድርገን ስለምንቆጥረው እንደብቀዋለን። በእኔ አስተያየት ግን ነገሩ የግል ጉድለት ሳይሆን በአንድ ዘመን አብረን የተማርነው ልማድ ነው። አብረን የተማርነውን ደግሞ አብረን ካልሆነ በቀር ልንረሳው አንችልም።

እስቲ ነገሩን ከመነሻው እንመልከተው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ጥቂት ቆይቶም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እርሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ መጨባበጥን ከለከለ፤ ሰውና ሰውም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል እንዲራራቅ አዘዘ። ይህን የማነሣው ደንቡን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነፍስ ለማዳን የወጣ ነበርና። የማነሣው ያን ጊዜ እኛ ማን እንደ ነበርን ለማስታወስ ነው።

ዛሬ በዚህ ግቢ የምንማረው አብዛኞቻችን ያን ጊዜ ከሰባተኛ እስከ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የነበርን ልጆች ነን። ይህ ዕድሜ ልጅ ከእናት ከአባቱ ደጅ ወጣ ብሎ ጓደኛ የሚያበጅበት፣ ተጣልቶ የሚታረቅበት፣ ተናግሮ የሚያፍርበትና ያፈረበትንም በማግሥቱ የሚረሳበት ጊዜ ነው። ይህ ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም፤ በሰው መካከል በመዋል ብቻ ይገኛል። እኛ ግን በዚያ ሰዓት ቤት ዋልን። ትንሣኤውንም ዒዱንም በየቤታችን ተቀመጥን፤ የዘመድ ለቅሶ በስልክ ደረስን። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲከፈትም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ በፈረቃ ተከፍለን፣ ተራርቀን ተቀመጥን። በትግራይ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ በወረርሽኙ የተዘጋው ትምህርት ቤታቸው በጦርነቱ ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ተዘግቶባቸው ቆየ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ልጅ ዛሬ በአንድ ዶርም ውስጥ ከማያውቃቸው ጓደኞች ጋር ተኝቶ ሲነሣ ቢጨነቅ ምን ያስደንቃል?

የፍርሃት ጠባይ እንዲህ ነው፤ ሰው የፈራውን ነገር በሸሸ ቁጥር ለጊዜው ዕረፍት ያገኛል፤ ያ ዕረፍትም ነገ ደግሞ እንዲሸሽ ያስተምረዋል። ካፌው ሰው በዝቶበታል ብሎ ምሳውን የተወ ተማሪ ዛሬ ቀለል ይለዋል፤ ነገ ግን የካፌው በር ከትናንቱ ይልቅ ይከብደዋል። ከሳምንት በኋላ ዳቦ ገዝቶ አልጋው ላይ መብላት ይጀምራል። ከወር በኋላ «እኔ ጠባዬ እንዲህ ነው» ይላል። ጠባዩ ግን አልነበረም፤ መሸሽ ያመጣበት ነው።

አንዳንዶች «ዓይን አፋርነት በእኛ አገር የጨዋ ልጅ ምልክት ነው፤ ምን ያስወቅሳል?» ይላሉ። በጭምትነትና በፍርሃት መካከል ያለውን ልዩነት ግን መሳት የለብንም። ጭምት ሰው በጉባኤ መካከል ተቀምጦ ያዳምጣል፤ መናገር በሚገባው ጊዜም ይናገራል። የፈራ ሰው ግን ከጉባኤው ራሱ ይቀራል። አባቶቻችን ያመሰገኑት ጭምቱን ነው እንጂ የቀረውን አይደለም፤ ከለቅሶና ከዕድር የቀረውንማ ይቀጡት ነበር።

ሌሎች ደግሞ «ዘመኑ የስልክ ነው፤ በቴሌግራም ሁላችንም እንገናኛለን» ይላሉ። ስልኩ በዚያ ክፉ ቀን እንደ ረዳን አልክድም። ነገር ግን በቴሌግራም ውስጥ ሰው ፊቱን ሳያሳይ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ የጻፈውንም ሰርዞ መኖር ይችላል። ፊት ለፊት የተነገረ ቃል ግን አይሰረዝም፤ የሚያስፈራውም የሚያስተምረውም ይኸው ነው።

ነገሩ የጥቂት አፋሮች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት፣ በዚያው በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች መሞታቸውን እናስታውሳለን። የእንዲህ ያለው እሳት ማገዶ ወሬ ነው፤ ወሬም የሚታመነው በማናውቀው ሰው ላይ ሲወራ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኔ ተኝቶ ሰላምታ ብቻ የተለዋወጥኩት ልጅ በክፉ ቀን ለእኔ ማን ነው? ስሙንና የመጣበትን አገር ብቻ ነው የማውቀው። አብሮ ቡና የጠጣ፣ አብሮ ያጠና፣ በክርክር ተሸንፎ አብሮ የሳቀ ግን በወሬ ብቻ በቀላሉ አይለያይም። ስለ መብታችንም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አብሮ መቀመጥ ያቃተው ተማሪ አብሮ ሊጠይቅ አይችልም።

መለያየታችን አዋጅም ቀንም ነበረው፤ መገናኘታችን ግን አዋጅም ቀንም አልነበረውም። የአስቸኳይ ጊዜው አምስት ወሩ ሲሞላ አለፈ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአጣዳፊነቱ ዘመን ማብቃቱን አስታወቀ። ይሁን እንጂ «አሁን ተቀራረቡ» ብሎ የጠራን የለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሺሕ ሰው በፈጀ ጊዜ የቀረው መታሰቢያ የጋራ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ በየደጁ ማጠኑ ከዚያ መከራ ጋር ይታወሳል። እኛ ከእኛ መከራ በኋላ አብረን ያደረግነው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ለብቻው ተመለሰ፤ ያልቻለውም ለብቻው ቀረ።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረታችን የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ደንቡ አራትን የመጨረሻ ቁጥር አድርጎት ነበር፤ እኛ የመጀመሪያ ቁጥር እናድርገው። አዲስ ተማሪ በገባ ጊዜ ኅብረቱ ሦስት አዲስ ተማሪዎችን ከአንድ ነባር ጋር ያገናኝ። እነዚህ አራት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው በአንድ ገበታ ምሳ ይብሉ። ሌላ ሥራ አይሰጣቸው። ቀጥሎም ኅብረቱ ከአስተዳደሩ አስፈቅዶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየብሎኩ ቡና ይፈላ። የክርክር ማታ ሲዘጋጅ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተናግረው ለማያውቁ ይተዉ፤ ከወረቀት ቢያነቡም አይከልከሉ፤ በተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚስቅ ግን ይገሠጽ። መምህራኖቻችንም የቡድን ሥራ ሲሰጡ «ራሳችሁ ተመራረጡ» ከማለት ይልቅ ራሳቸው ቢደለድሉን ይሻላል፤ በምርጫ ጊዜ ሁልጊዜ የሚተርፈው ያው የፈራው ልጅ ነውና።

እንቅልፍና ምግብ እስኪነሣው ድረስ የጨነቀው ካለ ደግሞ ወደ ምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሐኪም መሄድ አያሳፍርም፤ ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የሚሄድ የለምን? ጓደኛውም አብሮት ቢሄድ እስከ በሩ ያለው መንገድ ያጥርለታል።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በአንድ ቀን ተናጋሪና ተጫዋች እንሁን አላልኩም። ነገር ግን ያ እንቁላል እንኳ ሙቀት የሚሰጠው ካላገኘ እግር አያወጣም። የጨነቀውን ልጅ «አትፍራ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ወንበር ስቦ «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» ማለት ግን የኅብረት ሥራ ነው። የዚህ ሴሚስተር የመጀመሪያው የኅብረቱ ስብሰባ ሲጠራ ይህ አሳብ በአጀንዳው እንዲገባ እጠይቃለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ወደ ስብሰባው ስትመጡ ከዶርማችሁ ብዙ የማይናገረውን አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ።