ሳትሞቱ ተናገሩ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ የሪያድ ባጥሐ ሰፈር ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቱን የሚመክር ሞልቷል፤ እኛን ደፍሮ የሚናገረን ግን የለም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስንሰባሰብ ልጆቻችን ጥግ ይዘው ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ። የሚያዩት የነገሥታት ልጆች ተኩላና ዘንዶ እየሆኑ ለዘውድ ሲባሉ ነው። ተረት ነው ብለን እናልፈዋለን። እኛስ ምን እየሰማን አደግን? ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። በተገደለው ጅብ ጆሮ ላይ የቀጥቃጩ ጉትቻ ተገኘ ሲሉን ስንት ሌሊት ተሸፋፍነን አድረናል። በዚያ ወሬ ስንት ቀጥቃጭና ስንት ሸክላ ሠሪ ከሰው ተገልሎ እንደኖረ አይተናል። አሁን ደግሞ ያንኑ ነገር ወደ ገዛ ልጆቻችን እያዞርነው ነው። አንዱ እኩያችን አገር ቤት ስላለው የበኩር ልጁ ሲያወራ «ያ ጅብ ቤቴን በላው» ሲል ሰምቻለሁ። እዚህ የተወለደው ትንሹ ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ቀና አለና አባቱን አየው። ወንድሙን በአካል አግኝቶት አያውቅም። ስለ ወንድሙ ከአባቱ አፍ የሰማው ይህንኑ ነው።

ከባጥሐ በእግር ትንሽ ሄዳችሁ የምታገኙትን የመስመክን ግንብ ታውቁታላችሁ። እንጨት በሩ ላይ ተሰብሮ የቀረውን የጦር ጫፍ ለእንግዳ እናሳያለን፤ ንጉሥ አብዱልዓዚዝ እ.ኤ.አ. በጥር 1902 ሪያድን እንዴት እንዳስመለሱም እንተርካለን። ከተማዋ መጀመሪያ ከእጅ የወጣችው በምን ነበር? የአብዱልዓዚዝ አያት ኢማም ፈይሰል ቢን ቱርኪ እ.ኤ.አ. በ1865 ሲሞቱ ልጆቻቸው አብደላህና ሱዑድ በሥልጣን ተጣሉ፤ ጦር ተማዘዙ። ወንድማማቾቹ ሲዋጉ ዑስማኖች እ.ኤ.አ. በ1871 አል-አሕሳን ያዙ፤ ቆይቶም ሪያድ በሐኢሎቹ በአል-ረሺዶች እጅ ገባች። ታናሹ ወንድም አብዱረሕማን ቤተሰቡን ይዞ ኩዌት ተሰደደ። አብዱልዓዚዝ የእሱ ልጅ ነው። ያጎቶቹ ጠብ ጦሱ ለእሱ ተርፎ በሰው አገር አደገ። በሰው አገር ማደግ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እኛም የወሎ ሰዎች አምባሰል ላይ ግሸን አለችን። ነገሥታቱ ወንድም በወንድሙ ላይ እንዳይነሣ ብለው የዘውድ ወገን የሆኑትን ወንዶች እዚያ አምባ ላይ ያስጠብቁ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሠው ከዚያ ወርዶ ነው። ዙፋን ላይ ያለውና አምባ ላይ ያለው አንድ ደም ሆነው ሳይተያዩ ያረጁ ነበር። የእኛስ ልጆች? አንዱ ወገን ከአያቱ ጋር ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ቀረ፤ ቤቱን አገኘ፣ አባቱን ግን አላገኘም። ሌላው ሪያድ ተወልዶ አባቱን አገኘ፤ አገር ቤት የተሠራውን ቤት ግን በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለቱም ወንድሜ የእኔን ድርሻ ወሰደ ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ያጎደልንባቸው እኛ ነን።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የላሊበላን ገድል ሲተርኩ ሰምተናል። እህቱ መርዝ ሰጠችው፣ ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ፣ እሱ ግን ዳነ ይላሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ከመርዙ በኋላ ያለው ነው። በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ መንግሥቱን በቁሙ አስረከበው። ሞቱን አልጠበቀም።

እኛ ግን እንጠብቃለን። የቤቱ ካርታ በታናሽ ወንድማችን ስም ነው፤ ውክልናው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ በሐዋላ የላክነው ብር በማን በኩል ገብቶ ምን ላይ እንደዋለ የሚያውቅ ልጅ የለም። ስንጠየቅ «አላህ ያውቃል» ብለን እንዘጋዋለን። አላህማ ያውቃል፤ ልጆቻችን ግን አያውቁም። ነቢ ያዕቆብ ዩሱፍን ሕልምህን ለወንድሞችህ አትንገር እስኪሉት ድረስ ቅናት በነቢይ ቤት እንኳ ገብቷል። ለአንድ ልጁ ብቻ ስጦታ ሰጥቶ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርጋቸው የመጣውን አባት ሐዲስም ሁላችንም እናውቃለን። ለሌሎቹም እንዲሁ ሰጥተሃልን ብለው ጠየቁት፤ አልሰጠሁም ሲል አልመሰክርም አሉ።

ስለዚህ እኩዮቼ፣ እግራችን ሳይከዳን እንነሣ። ውርሱ በሸሪዓ ይከፈል የምትሉ፣ ንብረቱ የትና በማን ስም እንደሆነ ሳይታወቅ ቃዲው ምን ያካፍላል? ኑዛዜ የምታደርጉም ብትሆኑ፣ የ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ ይላል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። አደራ የያዘ ወንድም ካላችሁ አደራውን በጽሑፍ አድርጉት። ይህ እሱን ከሐሜት ያድነዋል እንጂ አያዋርደውም።

ከወረቀቱ በፊት ግን ስልኩን አንሡ። አገር ቤት ያለውን ልጅ ደውሉለት፤ እዚህ ያለውን አጠገባችሁ አስቀምጡ። መጀመሪያ እነሱ ይነጋገሩ፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይልመድ። ከዚያ ያላችሁን ሁሉ፣ ዕዳችሁን ጭምር፣ ሁለቱም በሚሰሙበት ተናገሩ።