የገበሬው የዕለት ገንዘብ መያዣ በሒሳብና በምክክር ይመረጥ

ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዱከም በጥቁር አፈሩና በጤፉ የታወቀው የአድአ አገር አንዷ የገበያ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚኖረው ገበሬ ጤፉንና ሽምብራውን ሸጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለብዙ ዘመን የገንዘቡ መያዣ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በመቀነት ቋጥሮ ወይም በኮት ኪስ ሸጉጦ መሄድ፣ ቤት ሲደርስም በሣጥን ውስጥ ወይም በእህል ከረጢት ሥር መደበቅ ነው። እንዲህ የተያዘ ገንዘብ ለሌባ፣ ለእሳትና ለአይጥ የተጋለጠ ከመሆኑም በላይ፣ በእጅ ስላለ ብቻ ያለ ዕቅድ እየተመነዘረ ሲያልቅ ይታያል።

ዛሬ ግን ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ገንዘብን በባንክ ካርድ ወይም በስልክ ላይ ባለ ሒሳብ አስቀድሞ ሞልቶ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ለማዳበሪያ፣ ለመብራት፣ ለልጅ ትምህርትና ለሱቅ ዕቃ መክፈል የሚቻልበት አሠራር እስከ ገጠር ደርሷል። አቅራቢዎቹ ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም የእኔ ይሻላል ይላሉ። እንግዲህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ከአባሎቻቸው ጋር ሆነው ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ የትኛው ርካሽና አስተማማኝ ነው የሚለው ነው። ርካሽ የሚባለውም በማስታወቂያ ላይ ትንሽ ዋጋ የተጻፈለት ሳይሆን፣ ገንዘቡ ከገባበት ሰዓት አንሥቶ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ የሚጠይቀው ወጪ ሁሉ ተደምሮ የሚያንሰው ነው።

አስቀድሞ ከፍሎ ኋላ መጠቀም ለገበሬው እንግዳ ነገር አይደለም። የሞባይል ካርድ ገዝቶ፣ ፍቆ፣ ቁጥሩን ሞልቶ በከፈለው ልክ መነጋገርን ካወቀ ቆይቷል። ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤትም አስቀድሞ ባስሞላው ሒሳብ ልክ መብራት ይጠቀማል። በስልክ ላይ የሚከፈተው የገንዘብ ሒሳብ የዚሁ አሠራር ወንድም ነው፤ ልዩነቱ የተሞላው ገንዘብ ለአንድ አገልግሎት ብቻ ሳይወሰን ለልዩ ልዩ ክፍያ መዋሉ፣ ለሌላ ሰው መላኩና ሲያስፈልግም ተመልሶ ጥሬ ገንዘብ መሆኑ ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም ጎልቶ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ የገንዘብ ኖት የተለወጠበት ወቅት ነው። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ዘመን ኖት በአዲስ ኖት ሲተካ፣ እንዲሁም መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸውና አዲስ የ200 ብር ኖት መውጣቱ ሲነገር፣ የቀድሞው ኖት የሚለወጥበት ቀን የተወሰነ ነበር። በ2013ቱ ለውጥ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። ገንዘቡን በሒሳብ ያስቀመጠ ሰው የሚለውጠው ኖት ስለሌለው ሥራውን ሲቀጥል፣ በየሣጥኑ የደበቀው ግን የአጨዳ ሥራውን ትቶ መሰለፍ ግድ ሆኖበታል።

በአሁኑ ጊዜ ለገበሬው ቅርብ የሆኑት መንገዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የባንክ ሒሳብ ከነካርዱ ነው። ካርዱ ገንዘብ በሚከፍለው ማሽን ላይ ይሠራል፤ የባንኮቹ ማሽኖች በኢትስዊች አማካይነት የተያያዙ በመሆናቸው የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን በሌላ ባንክ ማሽን ማውጣት ተጨማሪ ክፍያ አለው። ማሽኑ የሚገኘው ደግሞ በከተማ ነው። በዱከም አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ደመወዙ በባንክ ለሚገባለት የገበሬ ልጅ ካርዱ ጥሩ መሣሪያ ሲሆን፣ ከከተማው ርቆ ለሚኖረው አባቱ ግን የመንገዱ ወጪ ሊከብድ ይችላል። ባንኮች በቅድሚያ የሚሞሉ ሌሎች ካርዶችም ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ገበሬው ከመውሰዱ በፊት ካርዱ ለዕለት ፍጆታ መዋሉንና በአቅራቢያው የሚቀበለው ሻጭ መኖሩን ያረጋግጥ።

ሁለተኛው የሞባይል ገንዘብ ነው። ከእነዚህ መካከል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር፣ ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ቴሌብር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የጀመረው ኤም-ፔሳ ይገኛሉ። እነዚህን ለመጠቀም ውድ ስልክ አያስፈልግም። ተራ የቁልፍ ስልክ ያለው ገበሬ ለቴሌብር *127#፣ ለሲቢኢ ብር *847#፣ ለኤም-ፔሳ *733# ብሎ ሲደውል ዝርዝሩ ይመጣለታል። ገንዘብ የሚሞላውና የሚያወጣው በየመንደሩና በየገበያው ባሉ ወኪሎች ዘንድ ነው። ይህ አሠራር በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀው ኤም-ፔሳ በ1999 ዓ.ም. በኬንያ ሲጀመር ነው፤ በዚያም ሊስፋፋ የቻለው ወኪሉ ለተጠቃሚው ቅርብ በመሆኑ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ክፍያዎች በየጊዜው ስለሚለወጡ ለስሌት እንዲመች ብቻ ሁለት አገልግሎቶችን በሐሳብ እንውሰድ። የመጀመሪያው አንድ ክፍያ ለመፈጸም ወይም ለመላክ 2 ብር፣ ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ደግሞ ከመቶ 1 ብር ያስከፍላል እንበል። ሁለተኛው ለአንድ ክፍያ 8 ብር፣ ለማውጣት ግን ከመቶ 50 ሳንቲም ብቻ ይወስዳል እንበል። 20,000 ብር በስልኩ የገባለት ገበሬ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ቢያወጣ በመጀመሪያው 200 ብር፣ በሁለተኛው 100 ብር ይከፍላል። ለዚህ ሰው ሁለተኛው ይሻላል ማለት ነው። ጎረቤቱ ግን ከ20,000 ብሩ 16,000ውን በ10 ጊዜ ክፍያ ለግብዓት፣ ለመብራት፣ ለትምህርት ቤትና ለሱቅ ከፍሎ 4,000 ብር ብቻ ቢያወጣ፣ በመጀመሪያው 20 ብር እና 40 ብር ተደምሮ 60 ብር፣ በሁለተኛው 80 ብር እና 20 ብር ተደምሮ 100 ብር ያወጣል። ለእርሱ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። አገልግሎቶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የአጠቃቀም ልማድ ነው።

በዚህ ላይ የመንገዱ ወጪ ይታከላል። የመጀመሪያው አገልግሎት ወኪል በማኅበሩ ሱቅ ደጃፍ ቢኖር፣ የሁለተኛው ግን በከተማ ብቻ ቢገኝና ደርሶ መልሱ 60 ብር ቢፈጅ፣ ያ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ የሚያወጣው ገበሬ ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ለማውጣት ቢመላለስ 100 ብሩ ላይ 120 ብር ይጨመርበታል። 220 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ርካሽ የመሰለው ከ200 ብሩ በለጠ። የባከነው የሥራ ቀን ገና አልተቆጠረም። ጠብታ ውኃ ድንጋይ ይበሳል እንደሚባለው፣ በሰሉልታ በኩል ወተቱን ለሰብሳቢ እያቀረበ ሒሳቡን በየጊዜው የሚቀበል ገበሬም፣ በሰበታና በቡራዩ አካባቢ አትክልት የሚያመርተውም፣ ትንሽ የሚመስለው ክፍያ በዓመት ሲደመር የአንድ ከረጢት መኖ ወይም የምርጥ ዘር ዋጋ እንዳይወስድበት መጠንቀቅ አለበት።

በመሆኑም ከመምረጥ በፊት አምስት ነገሮች ይጠየቁ። ገንዘብ ለማስገባት፣ ለመላክ፣ ለመክፈልና ለማውጣት የሚጠየቀው ዋጋ እያንዳንዱ በጽሑፍ ምን ያህል ነው? ወኪሉ የት ነው፣ በገበያ ቀን የሚሰጠው በቂ ጥሬ ገንዘብስ ይኖረዋል? ግብዓት የሚሸጠው ማኅበርና ባለሱቁ በዚህ መንገድ ይቀበላሉ? የስልክ መረቡ በመንደሩ ይደርሳል? ዝርዝሩስ ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ ይመጣል? ቴሌብርን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መጠቀም ይቻላል፤ በዱከም ዙሪያ ላለው ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያልገባውን ቃል የሚጫን ሰው ገንዘቡን ወዳላሰበው ቦታ ሊልክ ይችላልና።

ሊሰመርበት የሚገባው ሌላው ጉዳይ የዕለት ገንዘብና የቁጠባ ገንዘብ መለየታቸው ነው። በስልክ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ በተጠቃሚው መታወቂያና የምዝገባ ደረጃ የሚወሰን ጣሪያ አለው። የመኸር ምርት የተሸጠበት ከፍ ያለ ገንዘብ፣ ይልቁንም በከተሞች መስፋፋት ምክንያት መሬቱ ለተወሰደበት ገበሬ የተከፈለው ካሣ፣ የቀጣዩ ኑሮ መሠረት በመሆኑ ቦታው የባንክ የቁጠባ ሒሳብ ነው። ወለድ የማይፈልግም ከወለድ ነጻ የሆነውን ሒሳብ ሊከፍት ይችላል። በስልኩ ላይ መቆየት ያለበት ለሳምንትና ለወር ወጪ የሚበቃው ብቻ ነው። በስልክ የሚሰጥ ፈጣን ብድርም ቢሆን የሚመለስበት ቀንና የሚታከልበት ክፍያ ሳይታወቅ ለድግስ ሊወሰድ አይገባም።

ስለ ደኅንነቱም መናገር ያስፈልጋል። ሽልማት ደርሶዎታል፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ ከባንክ ነው የምንደውለው እያሉ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቁ አታላዮች በዝተዋል። የምሥጢር ቁጥር ለወኪልም፣ ለጎረቤትም፣ ለማኅበር መሪም አይነገርም። የትውልድ ዓመትን ወይም 1234ን የምሥጢር ቁጥር ማድረግ በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ይቆጠራል። ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ማንበብ፣ ከተላከም በኋላ የመጣውን መልእክት አለማጥፋት ይበጃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ በገበያ ግርግር መካከል ከመላክ ጥቂት ገለል ብሎ መሥራት ከኪሣራ ያድናል።

የሴቶች ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። ቅቤና እንቁላል፣ አሬራና አይብ ሸጣ ቤት የምትደጉመው እናት፣ ሲም ካርዱና ሒሳቡ በባሏ ስም ብቻ ከሆነ በላቧ ያገኘችውን ገንዘብ ለማዘዝ ፈቃድ ጠያቂ ትሆናለች። የፋይዳ መታወቂያ በስሟ አውጥታ፣ በስሟ በተመዘገበ ስልክ የራሷን ሒሳብ እንድትከፍት የማኅበራት መሪዎች ማበረታታት ይኖርባቸዋል። ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ደግሞ ታማኝ የቤተሰብ አባል አጠገባቸው ሆኖ እንዲያስተምራቸው እንጂ፣ የምሥጢር ቁጥራቸውን ይዞ እንዲዞር መደረግ የለበትም።

ለዚህ ሁሉ መሳካት ትልቁ ኃላፊነት የማኅበር መሪዎች ነው። የመጀመሪያው ተግባራቸው የአቅራቢዎችን የክፍያ ዝርዝር በጽሑፍ አስመጥቶ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ በሚለወጥበትም ጊዜ ማደስ ነው። ቀጥሎም ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ አቅርቦ ማወያየትና፣ ጥቂት ፈቃደኛ አባላት ለአንድ ወር ሞክረው ያወጡትን ወጪ በደብተር መዝግበው እንዲያቀርቡ ማድረግ ይጠቅማል። ማኅበሩ ራሱ ወኪል ለመሆን የሚችልበትን ሁኔታም መጠየቅ አለበት፤ ወኪሉ በማኅበሩ ሱቅ ሲሆን የአባላቱ የመንገድ ወጪ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የማኅበሩ ገንዘብ በሊቀ መንበሩም ሆነ በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ መቀመጥ የለበትም። ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘርና ለመዋጮ የሚሰበሰበው ገንዘብ በማኅበሩ ስም በተከፈተና ከአንድ ሰው በላይ ፊርማ በሚያዝበት ሒሳብ መግባት፣ ደረሰኝ ሊቆረጥለትና ለኦዲት ሊቀርብ ይገባል። ሰውዬው ታማኝ መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ድንገተኛ ነገር ቢደርስበት የመቶ አባላት ማዳበሪያ በዘር ወቅት ይቆማል። ክረምት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

እቁቡና እድሩ ለዘመናት ጸንተው የኖሩት ገንዘቡ በግልጽ ስለሚቆጠርና ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። አዲሱም መሣሪያ በዚሁ ሥርዓት ሲገራ ለገበሬው አገልጋይ ይሆናል። የዱከምና የአካባቢዋ ማኅበራት መሪዎችም የመኸሩ ምርት ገበያ ሳይወጣ፣ ሣንቲሙን ደምረው፣ መንገዱን ለክተው፣ አባሎቻቸውን አማክረው ሊመርጡ ይገባል። ገበሬው በላቡ ያፈራውን ጤፍ ከብልሽት እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ የጤፉን ዋጋም ከማያስፈልግ ወጪና ከአታላይ መጠበቅ የምርት ሥራው አንድ ክፍል ነው።