ነጋዴው ለምርጫ ሲቆም

ዛሬ ወደ ሩቅ አገር እንወስዳችኋለን። አገሩ አሜሪካ ነው። የምናወራው ነገር ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ስለ ነጋዴ፣ ስለ ሚዛንና ስለ ምርጫ ነው።

አሜሪካ በክፍለ ግዛቶች የተከፈለች አገር ናት። ክፍለ ግዛቱ ደግሞ "ካውንቲ" በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል። ካውንቲ የእኛን ወረዳ ይመስላል። ጆርጂያ የተባለው ክፍለ ግዛት ብቻ 159 ካውንቲዎች አሉት። የካውንቲውን በጀት የሚያጸድቁት፣ የገጠሩን መንገድ የሚያስጠግኑት፣ ስለ ቤትና ስለ መሬት ግብር የሚወስኑት ሰዎች ኮሚሽነሮች ይባላሉ። እነሱን የሚመርጣቸው የዚያው ካውንቲ ነዋሪ ነው።

ለዚህ ሥራ ማን ይወዳደራል? ብዙ ጊዜ ባለሱቁ፣ ባለጋራዡ፣ እህል ነጋዴው ይወዳደራል። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱም የሰውን ችግር ያውቃል። መንገዱ ሲበላሽ የሱቁ ዕቃ መንገድ ላይ ይቀራል። ግብሩ ሲከብድ ደንበኛው ዱቤ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው "እስቲ እኔም ልሞክር" ይላል።

ነገር ግን ነጋዴ ለምርጫ ሲቆም ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንዱ የራሱ የነጋዴው ነው። "ሐሳቤን የጠላ ሰው ከሱቄ ቢቀርስ?" ይላል። ሌላው የመራጩ ነው። "ይህ ሰው ከተመረጠ በኋላ የሕዝቡን ገንዘብ ወደ ሱቁ ቢያዞርስ?" ይላል። ሁለቱም ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። በደፈናው ከምንናገር የአንድ ነጋዴ ታሪክ እንንገራችሁ። እኚህ ሰው ኮሚሽነር አልነበሩም። የሕዝብ ሥራ የጀመሩት ግን እዚያው ካውንቲያቸው ውስጥ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰውየው ጂሚ ካርተር ይባላሉ። በ1924 በጆርጂያ፣ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አድገው የባሕር ኃይል መኮንን ሆኑ። በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ሥራቸውን ትተው ወደ ፕሌንስ ተመለሱ። የአባታቸውን የኦቾሎኒ እርሻና ንግድ ያዙ። ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ይሸጡ ነበር። ባለቤታቸው ሮዛሊን የንግዱን ሒሳብ ይጽፉ ነበር። በ1954 ድርቅ መጣ። የዚያን ዓመት ትርፍ ከእጅ ወደ አፍ እንኳ አልበቃም።

ካርተር በካውንቲያቸው የትምህርት ቤቶች ቦርድ አባል ሆኑ። በዚያን ዘመን የነጭና የጥቁር ልጆች የሚማሩት በተለያየ ትምህርት ቤት ነበር። ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ የሚታገል የነጮች ማኅበር በአገሩ ተቋቋመ። ማኅበርተኞቹ ወደ ካርተር መጋዘን መጡ። "ግባ" አሏቸው። መዋጮው 5 ዶላር ነበር። "የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ እኛ እንክፈልልህ" እስከ ማለት ደረሱ። ካርተር "አልገባም" አሉ። አንዳንድ ደንበኞች ለጊዜው ከመጋዘኑ ቀሩ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው መጣ። ካርተር ገበያቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ በአቋማቸው ጸኑ። ይሁን እንጂ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። እሳቸው በቦርዱ በነበሩበት ጊዜ ትምህርት ቤቶቹ እንደ ተለያዩ ቆይተዋል።

በ1962 ካርተር ለጆርጂያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመወዳደር ቆረጡ። ይህን ያስታወቁት 38 ዓመት በሞላቸው ቀን ነው። ምርጫው ሊደርስ 15 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። የምርጫው ክልል ሰባት ካውንቲዎችን ይይዛል። ተወዳዳሪያቸውም እንደ እሳቸው ነጋዴ ነበር።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ከሰባቱ ካውንቲዎች በአንዱ፣ ኩዊትማን በሚባለው፣ አንድ አድራጊ ፈጣሪ ሰው ነበር። መራጩ ወረቀቱን በምሥጢር እንዲሞላ አልተደረገም። ሰውየው አጠገቡ ቆሞ "ይህን ምረጥ" ይለው ነበር። የካርተር ወዳጅ በቦታው ተገኝቶ ይህን ሁሉ በዓይኑ አየ። ማታ ድምፁ ሲቆጠር ካርተር በ139 ድምፅ ተሸነፉ ተባለ።

ሌላ ሰው ቢሆን "እንግዲህ ምን ይደረግ" ብሎ ወደ መጋዘኑ በተመለሰ ነበር። ካርተርና ወዳጆቻቸው ግን ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በየቤቱ እየሄዱ ሰው ጠየቁ። የሰውን ቃል በመሐላ ጻፉ፤ አስፈረሙ። የመራጮቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አነበቡ። ዝርዝሩ ምን አሳየ? የሞተ ሰው መርጧል። እስር ቤት ያለ ሰው መርጧል። ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሰዎች ደግሞ ልክ በፊደል ተራ ተሰልፈው እንደ መረጡ ተጽፏል! ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ሲያይ ከመገረም በቀር ምን ይላል? ሰው ለወፍጮ እንኳ ሲሰለፍ በስሙ ፊደል ተራ ይቆማል? በዚያ ጣቢያ የመረጡት 333 ሰዎች ነበሩ። የተቆጠረው ድምፅ ግን 420 ሆነ።

አንድ የጋዜጣ ጸሐፊም ቦታው ድረስ ሄዶ ነገሩን ጻፈ። አገር አነበበው። ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ሳጥኑ ሲከፈት ከመቶ በላይ የድምፅ ወረቀቶች ባንድ ላይ ተጠቅልለው በላስቲክ ታስረው ተገኙ። አንድ በአንድ በቀዳዳ የገባ ወረቀት እንዲህ ተጠቅልሎ ሊገኝ አይችልም። ዳኛው የዚያን ጣቢያ ድምፅ ሠረዙ። ከብዙ ክርክር በኋላ ካርተር አሸነፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኸው ነው።

ሆኖም ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጎደሎ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በዚያ አካባቢ ብዙ ጥቁሮች ወደ ሳጥኑ እንኳ መድረስ አይችሉም ነበር። ከመከልከያዎቹ አንዱ የንባብ ፈተና ነበር። መዝጋቢው ለነጩ ቀላሉን፣ ለጥቁሩ ከባዱን ያስነብባል። አንብቦ የተረጎመውንም ጥቁር "ወድቀሃል" ሊለው ይችላል። ፊደል መንገድ መሆኑ ቀርቶ አጥር ሆነ ማለት ነው። ይህን የሚከለክል ሕግ በ1965 ወጣ። ሕጉን ያመጣው የጥቁሮቹ ትግል ነው። ብዙዎች ለዚህ ሲሉ ተደብድበዋል፤ የሞቱም አሉ።

ካርተር ከዚያ በኋላ የጆርጂያ ገዥ ሆኑ። ከ1977 እስከ 1981 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ፣ የመራጩ ጥያቄ ይመጣል። ሥልጣናቸው ንግዳቸውን እንዳይጠቅም መጋዘኑን በአደራ ለሌላ ሰጡ። በሥራውም እጃቸውን አላስገቡም። ሲመለሱ ንግዱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ይዞ ጠበቃቸው። መጋዘኑ ተሸጠ። በኋላም የብዙ አገሮችን ምርጫ እየዞሩ ታዘቡ። በ2005፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም.፣ ወደ አገራችን ለዚሁ ሥራ መጥተው ነበር። በ2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው አረፉ።

አንባቢዎቻችን፣ ከዚህ ምን እንይዛለን? ነጋዴ ለምርጫ መቆሙ ነውር የለበትም። ነገር ግን ሱቁንም በሚዛን ላይ ያስቀምጥ። እኛም "ከተመረጥክ መጋዘንህን ምን ታደርገዋለህ?" ብለን እንጠይቀው። መልሱን በቃሉ ብቻ አንተወው፤ እንጻፈው። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ድምፅም እንደ እህል ነው። የሚሰፍረው ሰው ካልታመነ ማሳው ሙሉ ቢሆን ምን ይረባል? ቁናውን ማየት ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ማንበብ፣ ቁጥሩን መደመር፣ ያዩትን መጻፍና መፈረም ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ሹም መሆን አያሻም። እናንተ ዛሬ ይህን ወረቀት ያነበባችሁበት ዓይን ይበቃል።

እስቲ ማታ ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት። በ333 መራጭ 420 ድምፅ ሲቆጠር ስንት ተረፈ? ደምሩና ቀንሱ፤ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት። ደኅና ሰንብቱ።