«እኔ በ42 ዓመቴ ወልጃለሁ»

ሰሞኑን ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቴ፣ «ሲስተር፣ ልጄ ካገባች ሁለት ዓመት ሆናት፤ እስካሁን አላረገዘችም። ዕድሜዋ 37 ነው። የወር አበባዋ ግን ቀኑን አይስትም። እኔም የመጨረሻውን በ42 ዓመቴ ወልጃለሁ፤ ምን ያስቸኩላታል?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በብዙ ቤት አለ።

የእኛ ዘመን እናቶች ዘግይተው መውለዳቸው እውነት ነው። ግን በ42 ዓመት የመጣው ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ልጅ ነበር። በዚያ ዕድሜ መውለድ ያቆሙትንም ማንም አልቆጠራቸውም። ዛሬ ተምራ፣ ሥራ ይዛ ያገባች ልጅ በ37 ዓመቷ የምትጠብቀው የመጀመሪያዋን ነው። ይህን ስል ልጆቻችንን ያለዕድሜያቸው እንዳር ማለቴ አይደለም።

ሴት የምትወለደው እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህሉ ይቀራሉ። አዲስ አይጨመርም። ከ35 ዓመት በኋላ ቁጥራቸው በፍጥነት ይቀንሳል፤ የቀሩትም ከእሷ ጋር ያረጃሉ። ስለዚህ ማርገዝ ይዘገያል፤ ፅንስ የመጨንገፉ ነገርም ይጨምራል። የወር አበባ በጊዜው መምጣቱ ይህን አያሳይም። የማርገዝ ዕድል የሚቀንሰው ሴት ከማረጧ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ከ35 ዓመት በታች ያለች ሴት ሳትከላከል አንድ ዓመት ሞክራ ካላረገዘች ትመርመር። 35 የሞላት ከስድስት ወር በላይ አትጠብቅ። 40 ያለፋት ወዲያውኑ ሐኪም ታማክር።

ስትሄድም ከባሏ ጋር ትሂድ። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ከወንዱም በኩል ችግር ይገኛል፤ የዘር ፈሳሹን መመርመር ደግሞ ቀላል ነው። ምራቷን «መካን» የምትል አማት ይህን ትወቅ። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ምርመራውን ግን አያቆየው።

አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንቁላልንና የወንድ ዘርን ከማህፀን ውጭ የማገናኘት ሕክምና ይሰጣል። ይህም ቢሆን ያረጀን እንቁላል ወጣት አያደርግም፤ በጊዜ የሄደ የተሻለ ዕድል አለው።

ለጎረቤቴም፣ «ለልጅሽ ስድስት ወሩ ካለፈ ቆይቷል። እኔ ወልጃለሁ የሚለውን ተይና በዚህ ሳምንት ሁለቱም ሆስፒታል ይሂዱ» አልኳት።