ማጭዱን ወዶ ቀጥቃጩን መናቅ

የደቡብ ኦሞ ፀሐይ ያሰነጠቀው ጀሪካን ይጣላል፤ የዶለዶመ ማጭድ ግን ወደ ቀጥቃጩ ይመለሳል። ልዩነቱ ያለው ከውስጣቸው ነው።

ፕላስቲክ እንደ ክር ከረዘሙ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም፤ የፀሐይ ጨረር ግን እነዚያን ክሮች እየበጣጠሰ ያደርቀዋል። የብረት አቶሞች ደግሞ በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ብረት ሲግል ይለዝባል፤ ሲቀጠቀጥ ረድፎቹ ይንሸራተታሉ እንጂ አይበጠሱም። ስለዚህ ያረጀው እንደገና ይሠራል።

የአሪ ቀጥቃጮች ይህን ያወቁት ከአባቶቻቸው፣ በእጃቸው ነው። ገበሬው ግን ማጭዳቸውን እየገዛ ጋብቻ ሲነፍጋቸው ኖሯል። ጂንካ ውስጥ ብረታ ብረት የሚያስተምሩ ተቋማት እነዚህን ባለሙያዎች አሠልጣኝ አድርገው ይቅጠሩ። ንቀትን በስብከት ብቻ መንቀል አይቻልም፤ የገበሬው ልጅ ቀጥቃጩን «መምህር» ብሎ ሲጠራ ግን መላላት ይጀምራል።