የሲኒማውን መኪና በጥርሱ እንወቀው

አንድ አሮጌ የሲኒማ ማሳያ መኪና ከዕቃ ቤት ጥግ በተገኘ ጊዜ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው በላዩ የተለጠፈውን ስም ነው። እኛ በዚህ ልማድ አንስማማም። በቅሎ የሚገዛ ሰው ዕድሜዋን የሚያውቀው ጥርሷን አይቶ እንጂ ኮርቻዋን አይቶ አይደለም።

ስም ብቻውን የሚያሳስት ለመሆኑ የፈረንሳዩ የፓቴ ኩባንያ ምስክር ነው። ያንኑ የቤት ሲኒማ ዓይነት በአሜሪካ «ፓቴክስ»፣ በእንግሊዝ አገር «ፓቴስኮፕ» እያሉ ይሸጡት ነበርና ስሙን ብቻ ያነበበ ሰው ዘራቸው ልዩ ልዩ ይመስለዋል።

ጥርሱን ያየ ግን በቀላሉ አይሳሳትም። በ1922 (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የወጣው «ፓቴ ቤቢ» የሚያሳየው ፊልም ወርዱ 9.5 ሚሊሜትር ሲሆን ቀዳዳው በጠርዙ ሳይሆን በሥዕልና በሥዕል መካከል ነው፤ ስለዚህ ፊልሙን የሚስበው ጥፍርም ከመካከል ይገኛል። ብልኀቱ ያስደንቃል። ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ሲደርስ፣ በፊልሙ ጠርዝ በተቈረጠች ትንሽ ምልክት ምክንያት፣ እጀታው እየተዘወረ ፊልሙ ቆሞ ይነበባል፤ በዚህም ብዙ ፊልም ይቈጠባል። ታላቁ የ1912ቱ «ፓቴ ኮክ» ደግሞ 28 ሚሊሜትር ፊልም ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው አንድ ቀዳዳ አለው። መብራቱንም የሚያበራው እጀታው ሲዘወር በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው! ቤቢው በብዛት ስለ ተሸጠ አሮጌ ቢሆንም ብርቅ አይባልም፤ ኮኩን ያገኘ ግን ደስ ይበለው።

ኮዳክ በ1923 ባወጣው በ16 ሚሊሜትሩ ዘንድም ጥርስ ይናገራል። በሁለቱም ወገን ጥርስ ያለው መኪና ለድምፅ አልባ ፊልም የተሠራ ነው። ባለ ድምፁ ፊልም አንዱን ጠርዝ ለድምፅ ስለ ለቀቀ የመኪናው ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ይህን ሳይመረምር ባለ ድምፅ ፊልም በፊተኛው የሚያስገባ ሰው ድምፁ የተቀረጸበትን ጠርዝ ይበሳዋል።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ንብረት የሚቈጥር ወጣት ጸሐፊ «አሮጌ የሲኒማ መኪና፣ ብዛት 1» ብሎ ለሐራጅ ሲያወጣ ዕቃውን መዘገበ አንልም። የፊልሙን ወርድ፣ የጥርሱን ወገን፣ በብረቱ የተቀረጸውን ቍጥር ይጻፍ፤ ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ቀለም መቀባቱ ግን ይቅር፤ የድሮው ቀለም ራሱ ማስረጃ ነውና። ከመኪናው ጋራ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ከተገኘና ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ከሆነ፣ እንደ ክብሪት የሚቀጣጠል ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ዐዋቂ ሳያየው ከእሳትና ከሙቀት ይራቅ፤ በመኪናውም አይሞከር።