የማይታየው ብርሃን በምን ተለካ?

«ቾክ እንኳ በማይገኝበት ትምህርት ቤት ስለ ሩቅ ኮከብ ማስተማር ምን ያደርጋል?» ሲባል ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ቾክ በሌለበት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ትምህርት ነው ባይ ነኝ።

እንደሚታወቀው ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ሲያረጅ ያብጥና የላይኛውን አካሉን ወደ ሕዋ ይለቃል። መካከል ላይ የሚቀረው እምብርት እየተኮማተረ መሬትን ወደ ማከል ይደርሳል፤ ሙቀቱ ግን ለጉድ ነው። በዙሪያው ያለው ጋዝ በእምብርቱ ኃይል ይፈካል። ይህን «ፕላኔታዊ ኔቡላ» ይሉታል። ከፕላኔት ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ዊልያም ሄርሸል በቴሌስኮፕ ሲያየው ክብነቱ ፕላኔት ስለመሰለው ያወጣለት ስም ነው፤ በዚያው ቀረ።

የቀለበት ኔቡላ የሚባለው ከእኛ ከ2,000 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። የመካከለኛው ኮከብ ሙቀት ከ100,000 ዲግሪ ይበልጣል፤ የፀሐይ ገጽ 5,500 ያህል ነው። ታዲያ ማን ቴርሞሜትር አስገባበት?

ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ የሄደ ያውቀዋል። ወናፉ ሲነፋ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይነጣል። ኮከብ ደግሞ ከዚያም እጅግ አልፎ ሲግል አብዛኛው ብርሃኑ አልትራቫዮሌት ይሆንና ከዓይናችን ይሰወራል። ለዚህ መላ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1927 ሄርማን ዛንስትራ የተባለ የሆላንድ ሰው ነው። የማይታየው ጨረር ከጋዙ ሃይድሮጅን ላይ ኤሌክትሮን ይነቅላል፤ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲገጥም የሚታይ ብርሃን ይወጣል። ከሐሙሲት ገበያ የሚመለሰውን ሰው መንገድ ዳር ሆኖ የቆጠረ፣ ገበያውን ሳያይ ስንት ሰው እንደወጣ ይገምት የለ? ዛንስትራም እንዲሁ ከጋዙ ብርሃን ተነስቶ የማይታየውን አሰላ፤ ኮከቡ ራሱ ከሚሰጠው የሚታይ ብርሃን ጋር ሲያነጻጽረው ሙቀቱ ተገኘ።

ለዚህ ትምህርት ወናፍና ገበያ ይበቃል እኮ! እኛ ግን «ኮከብ ማለት…» እያልን ትርጓሜ ማስጻፍ ነው የለመድነው። ልጁ «በምን አወቁ?» ያለን እንደሆነ «ዝም ብለህ ጻፍ» ልንለው ነው? ይህን መልስ ሳይሰማ ያደገ ዕጩ መምህር ካለ እጁን ያውጣ።

አገራችን መሣሪያ የላትም እንዳይባል፣ እንጦጦ ላይ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። እዚያ ቆሞ የሚመራመረው ሰው ታዲያ ከየት ይመጣል? ከሦስተኛ ክፍል፣ ከእኛው እጅ ነዋ።

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ፊታችንን ወደ ጎንደር ብናዞር ቬጋ የምትባለዋ ነጭ ኮከብ ከፍ ብላ ትታያለች። ቀለበቱ ከእሷ ብዙ አይርቅም፤ እሱን ለማየት ትንሽ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፣ ለቬጋ ግን ዓይን ይበቃል። የሳይንስ መምህሮቻችን አንድ የማታ ክፍለ ጊዜ ይፍቀዱልን። የማይስማማ ካለ መልሱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ።